ወንድሜ ፓርላማ የገባበት ቀን

ጅቡቲ ውስጥ ከሠራሁባቸው ቤቶች ሁሉ የምጠላው አንዱን ብቻ ነው። ደሞዜ ተከልክሎብኝ ወይም እጅ ተነስቶብኝ አይደለም። ባለቤቱ የፓርላማ አባል ነበር። ሚስቱ ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። ጥላቻዬ ከእሱ ጋር ነው፤ ዛሬም አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም።

ሙሴ እለው ነበር፣ ቤቱ ውስጥ ሁላችንም እንደምንለው፤ በፈረንሳይኛ "ጌታዬ" እንደ ማለት ነው። ፓርላማ ውስጥ የሚታወቀው ስለ ቁማር በመናገር ነው። የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየሠፈሩ ሲከፈቱ ሌሎቹ ዝም አሉ፤ እሱ ግን በየስብሰባው እጁን ያወጣል። ትምህርት ቤት አጠገብ ያሉት ይዘጉ ይላል። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የሠፈሩ ሰው ይጠየቅ ይላል። ባለቤቶቹ ከገቢያቸው ልዩ መዋጮ ይክፈሉ፣ በቁማር ምክንያት ትዳራቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ይደገፉበት ይላል። ንግግሩን የሚለማመደው ሳሎን ውስጥ ቆሞ ነበር። እኔ ወለሉን እየወለወልኩ እሰማዋለሁ፤ አንዳንዴም መወልወያውን አቁሜ። የሚለው ሁሉ ልክ ነበር። ውሸታም ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ልክ መሆኑን ያወቅኩት በታላቅ ወንድሜ ነው። ከእኔ ቀድሞ ጅቡቲ ገብቶ፣ በነፃ የንግድ ቀጠናው አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። እጁ የሚታመን፣ እቃ ጥሎ የማያውቅ ሠራተኛ ነው። ሚስቱንና ትንሽ ልጁን አስመጥቶ ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሠፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየ። ከቤታቸው ሁለት በር ራቅ ብሎ የውርርድ ቤት ተከፈተ። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር የሚገባው፤ ከዚያ ጨዋታ ባለበት ቀን ሁሉ፤ ከዚያ ጨዋታ ኖረም አልኖረም። ደሞዙ ቤት መድረሱ ሲቀር፣ አለቃው እንዳልከፈለው ለሚስቱ ነገራት። አመነችው።

የወንድሜ ሚስት የወሎ ልጅ ናት፤ ሶማሊኛ አታውቅም። ባሏ እየተበደለ ዝም ማለቱ አንገበገባት። ሳታማክረው አንዲት ጎረቤቷን ለምና፣ "ለባሌ ክፈሉት" የምትል ዓረፍተ ነገር በሶማሊኛ ተማረች። ልጇን አዝላ፣ አውቶቡስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ እየደጋገመቻት፣ ቀጠናው በር ድረስ ሄደች። አለቃውን አስጠርታ ፊቱ ስትቆም ግን ቃሉ ተምታታባትና "ባሌን ግዙኝ" አለችው። ጥበቃው ሳቀ። አለቃው አልሳቀም። በተሰባበረ አማርኛ ምን እንዳለች ነገራትና ወንድሜ ደሞዙን አንድም ወር ሳይቀርበት እንደወሰደ አስረዳት።

በሳምንቱ ልጇን ይዛ ድሬዳዋ፣ እናታችን ዘንድ ሄደች። በሩ ላይ የሆነውን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። አለቃውም ጥበቃውም ለማንም ሳያወሩ ቀሩ፤ ወንድሜም ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራው ላይ ቆየ።

ይህን ነው ለማዳም ያወራሁት። አንድ ከሰዓት በኋላ አብረን ልብስ እያጣጠፍን ነበር። ሙሴ ከመጋረጃው ወዲያ ጫቱን ይዞ ተቀምጧል፤ ይሰማል ብዬ አላሰብኩም። በማግስቱ ጠራኝና ወንበር አሳየኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ተቀመጪ የተባልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ወንድሜ የት ሠፈር እንደሚኖር፣ ምን እንደሚነዳ፣ ሚስቱ በሩ ላይ ምን እንዳለች በእርጋታ ጠየቀኝ። ሊረዳው ነው ብዬ ሁሉንም ነገርኩት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ማዳም ከኩሽና ጠራችኝ። ሙሴ ከፓርላማው በቴሌቪዥን እየተናገረ ነበር። በፈረንሳይኛ ጀምሮ መሃል ላይ ወደ ሶማሊኛ ዞረ። እኔ ድሬዳዋ ስላደግኩ ሶማሊኛ አያመልጠኝም። በካርቲየ ሰባት ስለሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ፎርክሊፍት ነጂ አወራ። ሚስቱ ልጅ አዝላ ቀጠናው በር ላይ መቆሟን አወራ። ወደ ቃሏ ሲደርስ ድምፁን አቅጥኖ፣ ምላሱን አኮላትፎ አስመሰላት። "ባሌን ግዙኝ።" አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ትንሽ ጠበቃቸውና እጁን አነሳ፤ ፊቱን ቋጥሮም የምትስቁት በተዋረደች እናት ላይ ነው አላቸው። ራሱ አስቆ ራሱ ገሠጻቸው። ጭብጨባው ቶሎ አላባራም።

ማዳም እጄን ጨበጠችኝ። እንኳን ደስ አለሽ ልትለኝ የፈለገች ይመስለኛል።

ንግግሩ በየስልኩ ተሰራጨ። መጋዘኑ ውስጥ ሌላ ኢትዮጵያዊ ፎርክሊፍት ነጂ አልነበረም። ሠራተኞቹ ወንድሜን ባዩት ቁጥር "አንተ፣ ዋጋህ ስንት ነው?" ይሉት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ የሙሴ ቤት የጓሮ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ፊቱን አልተላጨም።

"ስንት ሸጥሽኝ?" አለኝ።

"አልሸጥኩህም። ይረዳሃል ብዬ ነው።"

"በነጻ ነዋ የሰጠሽኝ። ይሄ ይብሳል።"

ግባ ብዬ ለመንኩት፤ አልገባም። ውሃ ላመጣለት ሄጄ ስመለስ የለም።

ሙሴ ለምሳ ሲመጣ ሳህኑን ሳላቀርብ ፊቱ ቆምኩ። ጮኼ አልተናገርኩም። ወንድሜን አዋረዱት አልኩት።

"ስሙን አልጠራሁም" አለኝ።

"ስሙ ብቻ ነው የቀረዎት።"

ለመቆጣት አልቸኮለም። ንግግሩ ሕጉን እንደሚያሳልፈው፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ወንድሞች እንደሚድኑ አስረዳኝ። መዋጮው ሲሰበሰብ ወንድሜ ሕክምናና ድጋፍ ያገኝበት እንደሆን ጠየቅኩት። በእጁ ያገላብጠው የነበረውን ማንኪያ አስቀመጠ። ያረቀቀው ሐሳብ ለዜጎች ብቻ መሆኑን፣ የውጭ ሰው ይጨመር ካለ ሌሎቹ እንደማይደግፉት ነገረኝ። ታዲያ ለምን የእኛን ነገር አወሩ አልኩት። የተሻለ ምሳሌ እንዳላገኘ፣ ከዜጎች አንዱን ቢጠቅስ ዘመዶቹ ቤቱ ድረስ ይመጡበት እንደነበር ሳያፍር መለሰልኝ። እኛ የሚመጣበት ዘመድ አልነበረንም።

ያን ጊዜ ሳህኑን ፊቱ ላይ ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን በዚህ አላበቃም፤ ቀና ብሎ አየኝ።

"የሴትየዋን ድምፅ አንቺ ስታስመስዪ ነው የሰማሁት" አለኝ። "ማዳም ስትስቅ፣ አንቺም ስትስቂ ነበር።"

እውነት ነበር። ልብስ እያጣጠፍን ሳወራ ማዳም እንድትስቅልኝ ፈልጌ ድምፄን ያቀጠንኩት፣ ምላሴን ያኮላተፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ እንዳለ ወሰደው። ይህን ስለነገረኝ ከሁሉም በላይ ጠላሁት።

ወሩ ሲያልቅ ወጣሁ። ማዳም እንድቆይ ለመነችኝ፤ ሙሴ ከክፍሉ አልወጣም። ዛሬ የቢሮ ፅዳት እሠራለሁ፤ የማድረው በራሴ ክፍል ነው።

የወንድሜ ሚስት ንግግሩን ድሬዳዋ ሆና በስልክ አይታው፣ ሰው ተርጉሞላት ደወለችልኝ። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። "እኔ እኮ ለእህቴ ነው የነገርኩት" ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ስደውል የምታነሳው እናቴ ናት።

የሕግ ረቂቁ ተሻሽሎም ቢሆን አለፈ። ካርቲየ ሰባት ውስጥ፣ ወንድሜ ይገባበት የነበረው፣ ትምህርት ቤት ጎን ያለው የውርርድ ቤት ተዘጋ፤ አሁን የሴቶች ልብስ ይሸጥበታል። ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው በደጁ ሲያልፉ አይቼ ደስ አለኝ፤ ደስታው ከእሱ የመጣ ስለሆነ ደግሞ ተናደድኩ። ሙሴ በራዲዮ ቀርቦ ስለ መዋጮው ሲጠየቅ ሰምቼዋለሁ። በዝቶብናል ለሚሉት ነጋዴዎች የሰጠው መልስ ጥሩ ነበር። አሁንም ልክ ነበር።

ወንድሜ "ዋጋህ ስንት ነው" ሲሉት መቋቋም አቅቶት መጋዘኑን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ከጭነት መኪና አትክልት ያወርዳል። ፎርክሊፍቱን እንደሚናፍቅ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። መጫወቱንም አልተወም፤ ሠፈሩ ያለው ሲዘጋበት ራቅ ወዳለው መሄድ ጀመረ። ከአንድ ዓመት በላይ አላናገረኝም። ባለፈው እናታችን ታማ ስደውልለት ግን አነሳ። ስለ መድኃኒቷ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ማን እንደሚያስታምማት በደንብ ተነጋገርን። አሁን በየሳምንቱ እንደዋወላለን፤ የምናወራው ስለ እሷ ብቻ ነው። ስለ ራሱ አንድም ነገር አይነግረኝም።