ግጥም የሌለው አልበም

ግጥም የሌለው ሙዚቃ በባጃጅህ ከፈትክ ተብዬ ታሰርኩ። ሌላ ጥፋት አልነበረብኝም። ፍርድ ቤትም አልቀረብኩም። ፊደል የቆጠርኩት የልጆች አባት ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ይህን ግን ማንም አልጻፈልኝም።

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ፒያኖ ይጫወታል። ቤዝና ድራም ከሚመቱ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ስቱዲዮ ገብተው የጃዝ አልበም ሠሩ። ዳንግላ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ በፍላሽ ሰጠኝ። «አጎቴ፣ ገና አልወጣም፤ መጀመሪያ አንተ ስማው» አለኝ።

እንጅባራ መውጫ፣ ኬላ ላይ አስቆሙኝ። ታጣቂው አዳመጠ፣ አዳመጠ፣ ዘፋኙ አልመጣ አለው።

«ግጥሙን ማን ቆረጠው?»

«ከመጀመሪያውም የለውም።»

«ጎጃም ተወልደህ ግጥም የሌለው ዘፈን ታዳምጣለህ? ምልክት ነው ይሄ! ማን ሰጠህ?»

ስላልነገርኩት አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ከተቱኝ። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። የቤቱ ሕግ፣ አዲስ ገቢ በምን እንደታሰረ ለካቦው፣ ለታሳሪዎቹ አለቃ፣ ቆሞ ይናገራል፤ ከዚያ መኝታ ይሰጠዋል። መሃላችን ወሬ አቀባይ እንዳለ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። የልጁን ስም ባነሳ ከእናቱ ቤት ይለቅሙታል።

«ግጥም በሌለው ሙዚቃ ነው» አልኩ።

«የማን ሙዚቃ?»

«አልናገርም።»

«እንግዲያው ባልዲውን እየመታህ እደር!» አለ ካቦው። ሳቁብኝ። ሽንት ባልዲው ሥር ጣሉኝ። አልፈርድበትም አልልም፤ እፈርድበታለሁ።

አንድ የዘንገና ሽማግሌ ገበሬ ከግድግዳው ጥግ ተነሥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ይሂዱ አባ፣ ይሸትዎታል።»

«ከብት ሳረባ ነው የኖርኩት» አሉ። «ሙዚቃህ ውስጥ ሰው የለም አሉ?»

«የሚዘፍን የለም አባ፤ መሣሪያ ብቻ ነው።»

«እሰይ! የሚያስሩት የለማ።»

በማግስቱ መርማሪው ማን እንደሰጠኝ ጠየቀኝ። አልናገርም ስል ግራ ጆሮ ግንዴን በጥፊ አጮለኝ። ውስጡ ፈነዳ፤ ደም በአንገቴ ወረደ።

«አሁንስ?» አለ።

«አሁንማ ጭራሽ አልሰማህም» አልኩት። ለዚያች መልስ ደገመኝ። ስሙን ግን አላገኘም።

ሽማግሌው በአዊኛ እየተራገሙ ከጋቢያቸው ጫፍ ቀደው ጆሮዬን አሰሩልኝ። «እስቲ ያን ነገር አንጎራጉርልኝ» አሉ። አንጎራጎርኩላቸው። ካቦው ዝም በል አላለኝም።

አንድ ጠዋት ስማቸው ተጠራ። ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ወጡ፤ አልተመለሱም። ከተፈታሁ በኋላ ዘንገና ሄጄ ጠየቅሁ። ልጆቻቸው አባታቸው የት እንዳሉ እኔን ጠየቁኝ።

የእህቴ ልጅ በሰላም አዲስ አበባ ገባ፤ አልበሙም ወጣ። ሲቀዱት ፒያኖውን በግራ፣ ድራሙን በቀኝ በኩል አድርገውታል። ማዳመጫ ሳደርግ ፒያኖው የለም። ማዳመጫውን ገልብጬ ስሰካው ፒያኖው ይመጣል፣ ድራሙ ይጠፋል። ሦስቱን አንድ ላይ መስማት ለእኔ ቀርቷል። ይህን ለልጁ አልነገርኩትም። «እንዴት ነው አጎቴ?» ሲለኝ «ሦስታችሁም ጎበዞች ናችሁ» እለዋለሁ።

ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። «ፋይልህ ተዘግቷል፣ ውጣ» ያሉኝ በሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ ሰኔ አሥራ ሦስት ቀን ነው።