ከደንብ የወጣ ሽንሽን

ባሲሊያ ታርኪ ከሐይቁ ዳር ወደ ላ ፓስ ከተማ የወረደችው በረዶ የድንቹን ማሳ እንዳልነበረ ባደረገው ዓመት ነው። ዕድሜዋ አሥራ አንድ ገደማ ነበር። ያኔ ገና እንደ ወይዘሮ አክብሮ "ዶኛ" የሚላት ሰው ስላልነበረ ባሲሊያ ብቻ ነበረች። አባቷ አንድ ጠበቃ ቤት በር ላይ አድርሷት፣ ለእመቤቲቱ "ትሠራለች፤ ብዙም አትበላም" ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከሁለቱ የመጀመሪያው እውነት ነበር።

ልጅቱ ለብሳ የመጣችው የእናቷን ቡናማ የሱፍ ሽንሽን ቀሚስ ነው። እናቷ የሞተች ሰሞን አክስቷ ወገቡን አጥብባ፣ የታችኛውን ዙሪያ ሦስት ቦታ አጥፋ ሰፍታላታለች። ልጅቱ ቁመት ስትጨምር አንዱን እጥፋት እየተረተረች ልታስረዝመው፣ ሙሉ ሴት ስትሆን ደግሞ ልክ የእናቷን ያህል ሊሆናት ነበር።

እመቤቲቱ በዚህ ቤት በሽንሽን አይኬድም አለች። የራሷ ልጅ የጠበባትን እጅጌ ጉርድ ስስ ቀሚስ ሰጠቻት። ሽንሽኑ አራት ቦታ ተቀዶ የወለል መወልወያ ሆነ። በሳምንቱ ባሲሊያ ተንበርክካ ረጅሙን ኮሪደር በእናቷ ቀሚስ ሰም ቀባችው። እመቤቲቱ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሰም ለመያዝ ሱፍን የሚያህል ጨርቅ እንደሌለ የምታውቅ ሴት ነበረች።

የሰኔ ውርጭ ሲመጣ ባሲሊያ ወጥ ቤት ውስጥ በዚያው ስስ ቀሚስ ትተኛ ነበርና ሳንባዋ ታመመ። የጎረቤት ልብስ አጣቢ በራሷ ሻል ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አዝላ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ትሞታለች ተብላ ነበር፤ አልሞተችም። ድና ወደዚያው ቤት ተመለሰች፤ ሌላ የምትመለስበት ቤት አልነበራትም።

በአሥራ ስምንት ዓመቷ ወጣች። የመጀመሪያ ሥራዋ ልብስ ሰፊ ቤት ሄዳ ቡናማ የሱፍ ሽንሽን፣ ባለ ሦስት እጥፋት፣ ማዘዝ ሆነ። ሰፊዋ ሴት ይህ የአሮጊቶች ነው፣ የዘንድሮ ወጣት ከፋይ ነው የምትለብሰው ብላ ልታስጥላት ሞከረች።

"እኔም አረጃለሁ" አለቻት ባሲሊያ።

ዶኛ ባሲሊያን ያወቅኋቸው ባርኔጣቸውን ሊያሳጥቡ ሲመጡ ነው። ከገበያው ጀርባ ባለችው ሱቄ ባርኔጣ አጥባለሁ፣ በእንፋሎት ቅርፅ አስይዛለሁ። በእኔ ዕድሜ የሴቶቻችን ክብ ባርኔጣ አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ አለ፤ ጠርዙ ሰፋ፣ ጠበበ፤ አሁን ደግሞ የሻይ ብርጭቆ አክሎ አናት ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ቆሟል። ሁሉንም ሠርቻለሁ፣ ከሁሉም እንጀራ በልቻለሁ፤ አላማርርም። የዶኛ ባሲሊያ ግን ጠርዙም ቁመቱም እንደነበረ ነው። የጭነት መኪና ነጂ አገቡ፤ ልጃቸውን ሮስሜሪን ሲያስጠምቁ የክርስትና አባቷ እኔ ሆንኩ፤ አበልጆች ሆንን።

ያንን የመጀመሪያውን ሽንሽን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። ለዘወትር ደግሞ ልክ እንደሱ ያሠራሉ፤ ሲያልቅ እንደገና ያሠራሉ። ገበያ ላይ በውርጭ የደረቀ ድንች ይሸጣሉ። አንዷ ደንበኛ በአፏ ሙሉ ሰው እየሰማ "ዶኛ ባሲሊያ፣ ሌላ ልብስ የለዎትም እንዴ?" አለቻቸው።

"አለኝ" አሉ። "እሱም ይኸው ነው።"

ልጅየዋ ግን በሌላ መንገድ ወጣች። ሮስሜሪ ከገበያው በላይ ባለው መንገድ የሽንሽንና የሻል ሱቅ ከፈተች። በየዓመቱ አዲስ ቀለም፣ አዲስ የሻል ዘርፍ፣ አዲስ አበባ ታወጣለች። ፋሽን ማለት አምና የገዛችውን ሴት ዘንድሮም ከደጄ ማምጣት ነው ትላለች፤ ልክ ናት፣ ይመጣሉ። እናቷ ጠዋት ጠዋት በሱቁ በር ሲያልፉ፣ ገዢዎች እናትሽ ናቸው ወይ ብለው ይጠይቋታል። ናቸው፣ የለበሱት ግን ከእኔ የተገዛ አይደለም ትላለች። እየሳቀች ነው የምትለው። እኔ ግን ከሕፃንነቷ የማውቃት ልጅ ስለሆነች ሳቋን አውቀዋለሁ።

በሰፈራችን በዓል መንገድ ላይ በሰልፍ የሚጨፍረው ማኅበር በየዓመቱ ደጋሽ አለው። የዚያ ዓመት ሴቶች በሙሉ የሚለብሱትን የሚመርጠው ደጋሹ ነው፤ አንድ ጨርቅ፣ አንድ ሻል፣ አንድ ባርኔጣ። ሌላ ማኅበር እንዳይቀድም ጨርቁ እስኪታደል ምስጢር ነው። ከደንብ ልብሱ የወጣች ሴት ለማኅበሩ አንድ ሣጥን ቢራ ትቀጣለች። በዚህ ምክንያት ዶኛ ባሲሊያ ጨፍረው አያውቁም። ባላቸው ከወንዶቹ ጋር ሲጨፍር እሳቸው ከመንገዱ ዳር የሱን ካፖርት ይዘው ይቆሙ ነበር። ባልየው ሞተ። በሁለተኛው ዓመት ድግሱ ለሮስሜሪ ደረሳት።

ደጋሽ ከሰልፉ ፊት የምትጨፍረው በአባትና በእናቷ መካከል ነው። አባት ከሌለ የክርስትና አባት ይተካል፤ እናትን የሚተካ ግን የለም። እናቷ በሕይወት እያለች ጎኗ ባዶ የሆነ ደጋሽ፣ ገና ሰልፉ ሳይጀመር ቤቷ ሳይመርቃት ወጣች ይባላል። ያን ደግሞ የሚሉት ከእሷ ሱቅ የሚገዙት ሴቶች ናቸው።

ሮስሜሪ የመረጠችው የበሰለ ፓፓያ ቀለም ነበር፤ ላዩ ላይ ብልጭልጭ የተነሰነሰበት። ለእናቷ በምስጢር አሳየቻቸው። ዶኛ ባሲሊያ ጨርቁን በሁለት ጣት ይዘው ዳሰሱት። ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ይመችሽ፣ እኔ ቦርሳሽን ይዤልሽ ከዳር እቆማለሁ አሏት።

በማግስቱ ሮስሜሪ እኔ ዘንድ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

"አባባ፣ አንድ ቀን እኮ ነው። አንድ ቀን ፓፓያ ብትለብስ ምን ትሆናለች?"

"ፓፓያ" አልኳት።

አልሳቀችም። እማዬ በሥራዬ ታፍራለች፣ ሲሸጥ የሚውል ጨርቅ ሁሉ ለእሷ ቆሻሻ ነው አለች። እንደዚያ አለመሆኑን አውቅ ነበር። የጠበቃውን ቤት ወለል ዶኛ ባሲሊያ ለባላቸውና ለእኔ ነግረውናል፤ ለሮስሜሪ እንዳንነግር ደግሞ አደራ ብለውናል። ልጄ ቀሚስ ነው የምትሸጠው፣ በሸጠች ቁጥር የእኔን ወለል እንድታስብ አልፈልግም ነበር ያሉት። አደራ አደራ ነው። ቡና ቀዳሁላት፤ ጠጥታ ሄደች።

ሮስሜሪ ብልህ ናት። እናቷ ወደ ማኅበሩ ካልመጡ ማኅበሩን ወደ እናቷ ልታመጣ አሰበች። ፓፓያውን ጥላ ቡናማ አዘዘች፤ ሴቶቹ በሙሉ እንደ ዶኛ ባሲሊያ ባለ ሦስት እጥፋት ሊለብሱ፣ ባርኔጣውም በእሳቸው ልክ ሊሆን ነው። የባርኔጣውን ናሙና ያዘዘችው እኔን ነው፤ በደስታ ሠራሁት። ዶኛ ባሲሊያ ድንች ሊያመጡ ወደ ሐይቁ ሲሄዱ፣ ሮስሜሪ ሣጥኑን ከፍታ ያንን የመጀመሪያውን ሽንሽን አወጣችና ለሰፊዋ ለኔሊ ሰጠቻት። አስመስለሽ ቅጂው ነው ያለቻት።

ኔሊ ሥራ አክባሪ ናት። እጥፋቱ ከውስጥ እንዴት እንደተያዘ ሳላይ አልቀዳም ብላ ተረተረችው። ሽንሽን ሲተረተር አራት ቁራጭ ጨርቅ ነው።

ዶኛ ባሲሊያ ከታሰበው ቀን ቀድመው ተመለሱ፤ መንገዱ በተቃውሞ ሰልፈኞች ሊዘጋ ነው ስለተባለ መኪናው አስቀድሞ ተነሥቶ ነበር። ሣጥኑን ከፈቱ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ልጃቸው ሱቅ ወጡ። እኔ ናሙናውን ባርኔጣ ይዤ እዚያው ነበርኩ። አራቱ ቡናማ ጨርቆች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ኔሊ በካውያ ትተኩሳቸዋለች።

ዶኛ ባሲሊያ ጨርቆቹን አዩ፤ ከዚያ እግራቸው ሥር አዩ።

"ወለሉ የትኛው ነው?" አሉ።

"የምን ወለል፣ እማ?"

ወንበር ስበው ተቀመጡና ነገሯት። የድንች ዋጋ እንደሚናገሩ ነው የተናገሩት፤ በረዶውን፣ አባታቸውን፣ አራቱን ቁራጭ፣ ኮሪደሩ ምን ያህል ይረዝም እንደነበር። ሲጨርሱ ኔሊ ካውያውን ከመሰኪያው ነቀለች። ሮስሜሪ መርፌና ክር አንሥታ ከአራቱ ሁለቱን ጨርቅ ማጋጠም ጀመረች። እናቷ ትንሽ አይተው መርፌውን ከእጇ ወሰዱ።

"አንቺ መሸጥ ነው የምትችይው" አሏት። "ክር አስገቢልኝ።"

እሳቸው ሲሰፉ እሷ ክር ስታስገባ መሸ። እኔ የባርኔጣውን ናሙና መደርደሪያው ላይ ትቼ ወጣሁ፤ የሚያየው አልነበረም።

የበዓሉ ቀን ማኅበሩ ቡናማ ለብሶ ወጣ። የፋብሪካ ቡናማ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ አዲስ ድስት ያበራል። እጥፋቶቹም ለመልክ ብቻ ከላይ የተሰፉ ነበሩ፤ ቢተረተሩ የሚያስረዝሙት ነገር የለም። ሴቶቹ ተደስተዋል። ከመካከላቸው አንዷ በዚህ ዓመት እኮ ጥንታዊ ነው ፋሽኑ ስትል ሰምቻለሁ።

ዶኛ ባሲሊያ መጥተው ከሮስሜሪ በስተግራ ቆሙ። እኔ በስተቀኝ ነኝ። የለበሱት ያንኑ እንደገና የሰፉትን የራሳቸውን ነው፤ በዕድሜ የደበዘዘ፣ የማያበራ። የሰልፉ ደንብ አስከባሪ ዶን ፍሬዲ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ድንች የሚገዛው ከእሳቸው ነው፤ ቢሆንም አስከባሪ ነው። ቀሚሱን አየ፣ የሌሎቹን አየ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶኛ ባሲሊያ። ይህ ከደንቡ ልብስ ጋር አንድ አይደለም።"

"ዶን ፍሬዲ፣ የተቀዳው እኮ ከዚህ ነው" አለች ሮስሜሪ።

"እሱን አላውቅም፣ ደጋሻችን። እኔ የማየው ቀለሙን ነው።"

ዶኛ ባሲሊያ ልጃቸውን በእጃቸው ያዝ አደረጓት።

"ልክ ነው" አሉ። "አንድ አይደለም። ቢራው ከኋላዬ አለ።"

እውነትም ተሸካሚው ከኋላቸው ሣጥኑን ጀርባው ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። ከቤታቸው ሲነሡ ነው ይዘውት የመጡት። ዶን ፍሬዲ ተረክቦ ፊሽካውን ነፋ፤ የናስ መለከቱም ከበሮውም ተነሣ። ዶኛ ባሲሊያ ጨፍረው ስለማያውቁ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እንደቀሩ ነው የዘለቁት። ሮስሜሪ ግማሽ እርምጃ ቀንሳ ጠበቀቻቸው። ሮስሜሪ ስትቀንስ ከኋላ ያለው ሰልፍ በሙሉ ቀነሰ። በሰፈሩ ስለ ደጋሿ ቤት የተወራ ነገር የለም፤ ስለ ዘገየው ሰልፍ ግን እስከ ዛሬ ይወራል።

በቀጣዩ ዓመት ሎሚ ቢጫ ተመረጠ። የሚያበራው ቡናማ ከከተማው በላይ ባለው በኤል አልቶ ገበያ መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ተዘርግቶ መቸርቸር ጀመረ። ዶኛ ባሲሊያ አንዱን ገዝተው የቤታቸውን ወለል ሊወለውሉበት ሞከሩ። ሰም አይዝም አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ባርኔጣቸውን ይዘው መጥተው ነበር። እንፋሎቱ እስኪነሣ፣ የሕይወታቸውን ነገር ልጽፍ እንደሆነ ነገርኳቸውና ከሁሉም ምን እንደሚበልጥባቸው ጠየቅኳቸው። ባዶ ራሳቸውን በመዳፋቸው ደባበሱ።

"አበልጄ፣ ሰዉ ቀሚሱን ነው የሚያወራው። ቀሚሱ አይደለም። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ልብሴን ማታ ማታ የማወልቀው ራሴ ነኝ። አውልቄ፣ አጥፌ፣ ወንበር ላይ አደርገዋለሁ። ጠዋት ካደረግሁበት አገኘዋለሁ። ሮስሜሪ በየዓመቱ ትቀያይር፤ የምትቀያይረው ራሷ ከሆነች ደስታዬ ነው። ይልቅ የባርኔጣዬን ጠርዝ ጠባብ እንዳያደርጉብኝ።"