ከገል የረከሰ ብር

ወይዘሮ ፀሐዬ የእናቶች በጎ አድራጎት ማኅበራቸው አሥር ዓመት ሲሞላው መልካቸውን በብር ሳንቲም ላይ አስቀረጹ። ጉድ በል ቀበና! ሦስት አገጭ ነበራቸው፤ ቀራጩ ሁለቱን ፍቆላቸዋል።

ዲንቄ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ እየወረደች የምትሸጥ ሴት ናት። ልጅ አልቆምላት አለ፤ ሁለት ቀበረች። ሁለተኛውን ትኩሳት ሲይዘው አዝላው ማኅበሩ በር ድረስ ሄዳ ነበር። ዘበኛው "አዳራሹ ለበዓሉ ቀለም እየተቀባ ነው፣ ነገ ነይ" አላት። የምን ነገ! ልጁ እዚያው ጀርባዋ ላይ ቀረ።

በዓሉ ሲደርስ ያው ዘበኛ ለጭብጨባ የሚሆኑ እናቶች ሲለቅም እሷንም አሰለፋት። ወይዘሮዋ ስለ እናት አንጀት ሲደሰኩሩ ዋሉና ለእያንዳንዷ መልካቸው ያለበትን ሳንቲም አደሉ። ዳቦ እንኳ የለም! ባለሱቁ "የጃንሆይ መልክ የሌለበትን ምን ላድርገው?" ብሎ መለሰላት። አንጥረኛው ደግሞ "ሴትዮዋን አቅልጬ እስር ቤት ልግባ?" አላት። ወስዳ የቤቷ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ወተፈችው።

ሦስተኛውን ወለደች። አዋላጇ፣ ጎረቤቷ እማማ ለተጊዮርጊስ፣ "ይህንንስ ሽጪልኝ" አሏት። ልጅ ያልቆመላት እናት እንዲህ ነው የምታደርገው፤ ለጎረቤት በማይረባ ነገር ትሸጠውና ሞግዚት ሆና ታሳድገዋለች። ሞት የተናቀ ነገር አይሻም ይባላል። እማማ ገል ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ዲንቄ ከመኝታዋ ጮኸች።

"ገል ምን በወጣው! እሳት ይጫርበታል። ያንን ስንጥቁ ውስጥ ያለውን ይውሰዱና በሱ ይግዙት!"

ልጁ ቆመ። ሳንቲሙን በክር አንገቱ ላይ አሰሩለት፤ ጥርስ ሲያወጣ የሴትዮዋን አፍንጫ እያኘከ ዳኸ።

አንድ ቀን ወይዘሮ ፀሐዬ እንግዶች አስከትለው ሰፈሩን ሲጎበኙ አዩት። ደስታቸው ልክ አጣ!

"አያችሁ? እንደ ክታብ አስረውኛል!" አሉ። ቀጥለውም "ይህማ ተበላሽቷል፣ የወርቁን አስርለታለሁ" ብለው ክሩን ሊበጥሱ እጃቸውን ሰደዱ።

ዲንቄ ዘላ እጃቸውን ያዘች። ሁለቱን የቀበረችበት ፍርሃት መጣባት።

"ኧረ በማርያም ይተዉልኝ፣ እመቤቴ! ወርቅማ ልጄን ያስበላብኛል። ሞት እንዲንቀው ብለን ከሁሉ በረከሰ ነገር ነው የሸጥነው። ይህን ከወሰዱብኝ፣ ከእርስዎ መልክ የረከሰ ከየት አመጣለሁ?"