መስኮቱ ወደ መንገድ የሚያይ ፑል ቤት

ልጅ እያለሁ ደባርቅ ውስጥ ፑል ቤት ማለት እናቶች መንገድ ቀይረው የሚያልፉት ቤት ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በዛገ ቆርቆሮ የተጋረደች አንዲት ክፍል ነበረች፤ በሯ ላይ ጆንያ ተንጠልጥሎባታል። ከውስጥ የሲጋራ ጭስ፣ የጫት ሽታና ኳስ ከኳስ ሲጋጭ የሚሰማ ድምፅ ይወጣል፤ አልፎ አልፎም ስድብ። እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ ነፋሱ ጆንያውን እስኪገልጠው ቆመን እንጠብቅ ነበር። የምናየው ግን ከአንድ አምፖል ሥር የተዘረጋ አረንጓዴ ጨርቅና የተጎነበሱ ጀርባዎች ብቻ ነው። ከነዚያ ጀርባዎች አንዱ የታላቅ ወንድሜ የአለባቸው መሆኑን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

አያ አለባቸው በበጋው በቅሎ ጭኖ፣ ቱሪስት ተከትሎ ተራራው ላይ ወዳለው ሳንቃ በር ይወጣ ነበር። ክረምት ሲገባና ጉሙ ከተማዋን ሲውጣት ሥራ ስለማይኖር ውሎው ፑል ቤት ይሆናል። አባታችን በተራራው ፓርክ የዱር አራዊት ጠባቂ ስካውት ነበር። ተራራ ላይ ሰንብቶ ወደ ቤት ሲወርድ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እሱ ነው።

«ዛሬም እዚያው ነው?»

እናቴ ትዋሽለታለች። አባቴ ግን ያውቃል። መትቶት አያውቅም፤ ከመምታት የባሰ ነገር ያደርግ ነበር፤ አያናግረውም። ከአንድ ትሪ እየበሉ ቃል ሳይለዋወጡ ሲነሱ እያየሁ ነው ያደግሁት። 

ወንድሜ የሚወደው ጨዋታውን እንጂ ቁማሩን አልነበረም። ነጯ ኳስ ጠርዝ ነክታ ስትመለስ ወዴት እንደምትሄድ ማሰብ ያስደስተው ነበር፤ ራት ላይ እንኳ በሹካ ዳቦ እየገፋ ያሳየኛል። አንድ እንደሱ ያለ ሰው አገኘ። ደሳለኝ ይባላል፤ ዳባት ላይ ብስክሌት የሚጠግን፣ ከሳቁ በፊት ትከሻው የሚስቅ ረጅም ልጅ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ወሬያቸው አንድ ነው። ጨዋታው ምንም አላጠፋም፤ ያበላሸው ቤቱ ነው። ቤቱን ከለወጥነው ሰው ይወደዋል ይሉ ነበር።

እንዳሉትም አደረጉ። ጎንደር ውስጥ አንድ ያረጀ የፑል ጠረጴዛ አግኝተው በአይሱዙ ጭነው አመጡት። ከጨርቁ ሥር ያለው ድንጋይ ከብዶ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ተጠርቶ ነው የወረደው። ከቤታችን ጎን በቅሎዎቹ ያድሩበት የነበረውን ክፍል ጠርገው፣ አጥበው፣ ግድግዳውን በአዲስ ጭቃ መረጉት። ከዚያ ወንድሜ ያልታሰበ ነገር ሠራ። ወደ ዋናው መንገድ የሚያየውን ግድግዳ አፍርሶ ሰፊ መስኮት አወጣለት።

እናቴ ጮኸች። «ልጄ፣ ምን ነካህ? ይኼን ሁሉ ብርድ ልታስገባብን ነው?»

«እማዬ፣ ሰው የማያየውን ነው የሚጠረጥረው» አላት። «አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይየን።»

ካርቶን ላይ በከሰል ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ፤ ቁማር የለም፣ ጫት የለም፣ ሲጋራ የለም፣ በትምህርት ሰዓት ተማሪ አይገባም። የድሮዎቹ ተጫዋቾች አንብበው ሳቁበት። አንዱ «ታዲያ ምን ቀረ?» ብሎት ሄደ። ለብዙ ጊዜ ከሁለቱ ከራሳቸውና ከኔ በቀር የሚጫወት አልነበረም። አባቴም ከተራራ ሲወርድ በዚያ መስኮት ሥር ያልፋል እንጂ ዞር ብሎ አያይም ነበር።

የደባርቅ ብርድ ለፑል ምቹ አይደለም። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ ጨርቁን ያረጥበዋል፤ ኳሷ ጭቃ ላይ እንደምትሄድ ትዘገያለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወንድሜ የከሰል ካውያ ያሞቅና አንሶላ አልብሶ ጨርቁን ይተኩሰዋል። ያ የሞቀ ሱፍ ሽታ፣ ዱላው ጫፍ ላይ ከሚቀባው ጠመኔ ብናኝና በቅሎዎቹ ግድግዳው ውስጥ ትተውት ከሄዱት ጠረን ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሳጥን ላይ አቁሞ ነው ያስተማረኝ። «ዱላውን አትጨብጪው፤ እንዳይወድቅ ብቻ ያዢው» ይለኛል። «መጀመሪያ ነጯ የት እንደምታርፍ እይ፤ የምትመቺያትን በኋላ ታዪያለሽ።» ደሳለኝ ደግሞ ኳሷን ስስታት በትከሻው ይስቅና «ስመኝ፣ ኳሷ አልሸሸችም፤ እዚያው ናት፤ ድገሚያት» ይለኛል።

ቅዳሜ የሴቶች ልጆች ቀን እንዲሆን ያሰበው ደሳለኝ ነው። መጀመሪያ እኔ ብቻዬን ነበርሁ። ቀጥሎ የጎረቤታችን ልጅ መጣች፤ ከዚያም ሌሎች። እናቴ ሴት ልጅ ጠረጴዛ ላይ ስትጎነበስ መንገደኛ አየ ብላ አንድ ሰሞን አኩርፋን ነበር። ነገሩን ያለዘቡልን የነፍስ አባታችን አባ ይርዳው ናቸው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጥላቸውን ይዘው መስኮቱ ሥር ቆሙ። ሁላችንም ደርቀን ቀረን። ወንድሜ ዱላውን ከጀርባው ደብቆ ወጣ።

«አባ፣ ይግቡ፤ ይቀመጡ» አለ።

ገቡ። ጠረጴዛውን ዞሩት። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ይኸ ነው እንግዲህ?» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

«ገንዘብ ይያዝበታል?»

«እኛ ቤት አይያዝበትም።»

አባ ይርዳው መስቀላቸውን ወደ ጎን አድርገው ነጯን በጣታቸው ገፋ አደረጓት። ተንከባላ አንዷን ኳስ ነካች፤ ያቺ ደግሞ ቀዳዳ ገባች። ሊስቁ ነበር፤ ዋጥ አደረጉት። «ሰንበት ጠዋት እንዳይከፈት» ብለው ባርከውን ወጡ። ማታውን እናቴ ለኔ ሹራብ አውጥታ «እዚያ ክፍል ብርድ ነው፤ ልበሺ» አለችኝ። ኩርፊያው በዚያው አለቀ።

በዓመቱ ደባርቅና ዳባት ይጋጠሙ ተባለ። ደሳለኝ ከዳባት ልጆች ሰብስቦ፣ አሰልጥኖ፣ በሚኒባስ ይዟቸው መጣ። ቀኑ ሰንበት፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ከሰዓት ነበር። ወንድሜ ሰርግ እንደሚጠራ ሰው ከቤት ቤት ዞሮ ወላጆችን ጠርቷል፤ እናቴ ሻይና ድፎ ዳቦ አቅርባለች። ክፍሉ ስላልበቃ ሰዉ መንገዱ ላይ ቆሞ በመስኮቱ ያይ ነበር። እኔን የገጠመኝ በዕድሜ ከኔ የሚበልጥ የዳባት ልጅ ነው። ጨዋታውን የምትዘጋው ጥቁሯ ኳስ ብቻ ስትቀር ተራው የኔ ሆነ። ዱላውን ሳስተካክል ከመስኮቱ በኩል ጫጫታው ድንገት ቆመ። ቀና ስል አባቴ ነው። ከሳንቃ በር መውረዱ ነበር፤ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ ሰዉ መሀል ቆሟል።

ወንድሜ ወደ በሩ ሄደ። እኔ ግን ጎንበስ አልሁና መታሁ። ጥቁሯ ቀስ ብላ ሄዳ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ልትቆም መስላ ገባች። ደሳለኝ የተሸናፊው ወገን መሆኑን ረስቶ ወደ ላይ አነሳኝ። ጭብጨባው ሲበርድ አባቴ ገባ።

«ማነው ያስተማራት?» አለ።

«እኔ» አለ ወንድሜ።

አባቴ ጠረጴዛውን አየ፤ የተሰበሰቡትን እናቶች አየ፤ በሩ ላይ የተጻፈውን አነበበ። ከዚያ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ጥግ አስደገፈና «ለኔ ሻይ የለም?» አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ለወንድሜ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። አያ አለባቸው ሻዩን በሁለት እጁ አቀበለው።

ያን ቀን ብቻ ብጽፍ ደስ ባለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ዳባት ውስጥ፣ ደሳለኝ ሊለውጣቸው ከሚታገላቸው ፑል ቤቶች በአንዱ፣ ሁለት ጎረምሶች በቁማር ተጣሉ። ደሳለኝ እዚያ የሄደው ከሁለቱ አንዱን ከቁማሩ አስጥሎ ወደኛ ውድድር ሊያመጣው ነበር። ጠቡ ሲነሳ መሀል ገባ። ለሌላው የተሰነዘረ ጩቤ እሱን አገኘው። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ።

ለቀብሩ ከወንድሜ ጋር ሄድሁ። እናቱ እትዬ ጥሩወርቅ ሌላ ልጅ የላቸውም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ደረታቸውን ይመታሉ። ወንድሜ ሊያቅፋቸው ሲጠጋ በሁለት እጃቸው ገፉት።

«ጨዋታ ነው አላችሁኝ!» አሉት። «ጨዋታ ከሆነ ልጄ የታለ? አንተስ ለምን ቆመህ ታየኛለህ?»

 ወንድሜ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰዎች አንሥተው እስኪያወጡት ድረስ አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ በየከተማው ያለው ፑል ቤት ሁሉ ይዘጋ ተባለ። የቀበሌ ሰዎች ጠረጴዛውን ሊወስዱ መኪና ይዘው ሲመጡ ያገኙት አባቴን ነው። በሩ ላይ ቆመ።

«ይህ ቤት ሰው አልገደለም» አላቸው። «እዚህ ልጄ ተጫውታለች። ቄሱ ባርከውታል። በመስኮቱ የማይታይ ነገር የለውም።»

«ጋሼ፣ እኛ የታዘዝነውን ነው፤ አንዱን ከአንዱ ለዩ አልተባልንም» አለ አንደኛው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አፍሮ ነው የተናገረው።

አባቴ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ወንድሜ ከውስጥ ወጥቶ እጁን ያዘው። «አባባ፣ ተወው፤ ይውሰዱት» አለ። ራሱ ከሰዎቹ ጋር ተሸክሞ አስጫነላቸው። ያ ድንጋይ ከመኪናው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ለሁለት ሲሰነጠቅ ከመንገዱ ማዶ ሰማነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያያል። ጠረጴዛው በመጣ ጊዜ ያወረዱት ወንዶች ናቸው፤ አሁን ግን እጁን ያነሳ አልነበረም።

ወንድሜ ያን ክረምት እንደምንም ቆየ። በጋ ሲገባ የበቅሎ ሥራውን አልጀመረም። አንድ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን ሄደ። ከካርቱም ይደውል ነበር። ምግብ ቤት ይሠራል፤ ሙቀቱ አልተስማማውም። አባቴ በየጊዜው ስልኩን ይቀማንና «ትጫወታለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። «ትቼዋለሁ፣ አባባ» ይለዋል። አባቴ ስልኩን መልሶ ይሰጠናል። እዚያ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የወንድሜ ስልክ አይጠራም። አባቴ የልጁን ወሬ ሳይሰማ ዐረፈ። እናቴ እስካሁን ለማታ ምግብ ስትቆርስ የሱን ድርሻ ለብቻ ታስቀምጣለች፤ እኛም አንከለክላትም፤ የምንነግራት ነገርም የለንም።

ዛሬ ደባርቅ ውስጥ የፑል ጠረጴዛ ሞልቷል። በየመንገዱ ዳር፣ ላስቲክ ወጥሮ ሥሩ የሚያጫውት ብዙ ነው። እዚህም ጦርነት አልፎብን፣ ሥራ ጠፍቶ፣ ወጣቱ ውሎው እዚያ ሆኗል፤ ብር ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነው የሚጫወቱት። የሚከለክል የለም፤ የሚያስተምርም የለም። እኔና ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውኝ ይጫወቱ ከነበሩት ሁለት ሴቶች አዋጥተን አንድ ጠረጴዛ ገዛን። ልጆች በነጻ እናስተምራለን። ቁማር የለም። ወላጆችን እየዞርን እንለምናለን፤ ብዙዎቹ በራቸው ላይ ቆመው ሰምተውን ይዘጉብናል፤ አንዳንዶቹ ልጃቸውን ከጨዋታው መሀል እጁን ይዘው ይወስዱታል። አልፈርድባቸውም።

ዘንድሮ ከዳባት ጋር ዳግመኛ ውድድር ልናደርግ አሰብንና በደሳለኝ ስም እንዲሆን ፈቃድ ልጠይቅ እትዬ ጥሩወርቅ ዘንድ ሄድሁ። አርጅተዋል፤ ዐይናቸው ደክሟል። ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱት። የመጣሁበትን ስናገር ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አይሆንም፣ ልጄ» አሉኝ። «ስሙን ከዚያ ነገር ጋር አታንሺብኝ። እኔ እስካለሁ አይሆንም።»

«እሺ፣ እትዬ» አልሁ።

ልሰናበት ስነሳ ነጠላዬን ያዙኝ። «ብዙ ናቸው ልጆቹ?»

«ጥቂት ናቸው።»

«ጀምበር ሳትጠልቅ እቤታቸው ስደጃቸው። እናት እንዳታስጠብቂ።»

ውድድሩን ያለ ስም አደረግነው። በኛ ጊዜ መሽቶ ኳሷ እስክትጠፋን ድረስ እንጫወት ነበር፤ ተጣርቶ የሚወስደን እንጂ ራሱ የሚሄድ አልነበረም። አሁን ገና ብርሃን ሳለ ጨዋታው መሀል ላይ አቋርጣቸዋለሁ። ያጉረመርማሉ፤ ተራዬ ነበር ይላሉ። አንድ በአንድ ደብተራቸውን አስይዤ አስወጣቸዋለሁ፤ የመጨረሻዋ ልጅ ጥጉን እስክትታጠፍ ድረስም በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ።