ምርቃት ለማንሳት ወደ ኮምቦልቻ

ማለዳ፣ ቦሩ ሜዳ

የታመመች አክስቴን ስጠይቅ አድሬ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። የቦሩ ሜዳ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ሚኒባሱ በድንች ጆንያ ተሞልቷል፤ ሰው ደግሞ በጆንያው ላይ። ሐሳቤ ደሴ ቤቴ ገብቼ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ስለ ቦሩ ሜዳ ገበያ ለእናንተ ለአንባቢዎቼ መጻፍ ነበር። አጠገቤ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን ይዘው ተቀመጡ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ኮምቦልቻ ላይ የባቲ መንገድ በየት በኩል ነው የሚወጣ?»

«ምን ሊያደርግልዎት ነው አባቴ?»

«ልጄን ፍለጋ።»

አያ ይማም ይባላሉ፤ የዚሁ አገር ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ሉባባ «ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ» ብላ ስትነሳ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት፤ ጎረቤቱ አሚን አለ፤ ሄደች። ትናንት ማታ ታናሽ እህቷ አላስችል ብሏት እያለቀሰች ምስጢሩን አወጣችው። ፋብሪካ የሚባል የለም፤ ደላላ ነው። በባቲ አድርጎ በረሃውን፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። በዚያ መንገድ ልጅ እየታገተ ወላጅ ማስለቀቂያ እንደሚጠየቅ የማያውቅ የወሎ ቤት የለም። የሉባባ ስልክ ደግሞ ዝግ ነው።

«እንዴ! ሲሸኟት ወዴት ነሽ፣ ከማን ጋር ነሽ አይሏትም?» ብዬ ጮህኩ። አፌ አያርፍም።

«በኛ ቤት መንገደኛ ወዴት ነህ አይባልም፤ ገድ ያበላሻል። መርቆ መሸኘት ነው። ወላሂ፣ እኔው ራሴ መርቄ ሰደድኳት።»

ረፋድ፣ ደሴ

የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶች ይጮሃሉ፣ ባጃጆች ይጋፋሉ፣ ከሱቁ ደጃፍ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ፣ ትኩስ ሙሸበክ ይሸታል። አያ ይማምን ይዤ ፖሊሶቹ ዘንድ ሄድን። ነገሩን ሰምተው ኮምቦልቻ ላሉት ባልደረቦቻቸው ደወሉ። «ቤቱን ካገኛችሁ ደውሉ፤ እንዳትገቡ» ብለው አስጠነቀቁን።

እኔ እዚህ ጋ የድርሻዬን የጨረስኩ መሰለኝ። ተሰናበትኳቸው፣ ሙሸበኬን ገዛሁ፣ ዘወር ስል አያ ይማም በተቃራኒው አቅጣጫ በሚሄድ የወልድያ መኪና ላይ ሊሳፈሩ አንድ እግራቸውን አንስተዋል! ኤዲያ! ጥዬያቸው ብሄድ እንቅልፍ ይወስደኛል? ሙሸበኬን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

ሐረጎ፣ ቁልቁለቱ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ከክረምት ወደ በጋ መውረድ ነው። በየመታጠፊያው ሰው አንዳንድ ልብስ ያወልቃል። ከባድ መኪናዎች እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ ገደሉ ከመስኮቱ ሥር ነው። አያ ይማም የሰጠኋቸውን ሙሸበክ በእጃቸው ይዘው አልቀመሱትም።

«ሲያገኟት ምን ሊያደርጉ ነው? ሊጎትቷት?»

«አልጎትታትም። ምርቃቴን አነሳለሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተስፋ ቆረጥኩ። ደላላው መኪና አለው፣ ስልክ አለው፣ በየከተማው ሰው አለው፤ እኛ ምርቃት ልናነሳ እንወርዳለን!

የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሹፌር ሙሄ ወሬያችንን ሲሰማ ቆይቶ ድንገት ገባበት። «አያ፣ ባቲ መንገድ ላይ ከጫት ተራው ጀርባ ሰማያዊ በር አለ። ዘመድ ቤት ነው እያሉ እዚያ የሚወርዱ ልጆች አሉ።»

«ያ ሁሉ ልጅ የአንድ ሰው ዘመድ ነው?» አልኩት።

«እኔስ ምን ላውቅ እህቴ!» ብሎ መሪውን አዞረና «በሩ ድረስ አደርሳችኋለሁ» አለ።

ቀትር፣ ኮምቦልቻ

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ማንጎ በጋሪ፣ ጫት በኮባ ቅጠል፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ለምሳ ሲወጡ። ተሳፋሪው ወርዶ አልቆ እኛ ሦስታችን ቀርተናል። ሰማያዊውን በር አየነው። ደጁ ላይ አንዲት ፒክአፕ ሞተሯን አስነስታ ቆማለች። ልጆቹን ሊጭኑ ነው! ለፖሊስ ደወልኩ፤ «እየመጣን ነው፣ ጠብቁ» አሉኝ። ግን ማን ይጠብቃል? አያ ይማም ወርደው በሩን አንኳኩተዋል።

አንዲት ሴት ገርበብ አድርጋ ከፈተች። «እዚህ ልጅ የለም» ብላ መልሳ ጠረቀመችው።

አያ ይማም አልተሳደቡም። ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ። ከዚያ የሽማግሌ ሰውነት ይወጣል ብዬ ያልጠበቅኩት ድምፅ ወጣ።

«ሉባባ! አባትሽ ነኝ! እኔ የመረቅኩሽ ለሥራ ነው፤ ለባሕር አልመረቅኩሽም። ዱዓዬን አንስቻለሁ! ከአሁን ወዲያ ብትሄጂ ባዶሽን ነው!»

ሉባባ ያልሆነች አንዲት ልጅ ከውስጥ ጮኸች፤ «ያረቢ! ሉባባ፣ ሰማሽ? ታዲያ በማን ዱዓ ልንሄድ ነው?»

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ሌሎቹ ልጆች ከየቤታቸው ተደብቀው ስለወጡ የመረቃቸው የለም። ፍርሃት ሲይዛቸው ሉባባ «አብሽሩ፣ የአባዬ ዱዓ ለሁላችንም ይበቃል» ትላቸው ነበር። ያ ሁሉ ልጅ በረሃና ባሕር ሊሻገር የተማመነው በአንድ የቦሩ ሜዳ ገበሬ ምርቃት ነው!

መቀርቀሪያው ተንኳኳ። ሴትዮዋ ትጮሃለች፣ ልጆቹ ይገፏታል፤ ፌስታላቸውን እንዳንጠለጠሉ ተከታትለው ወጡ። ፒክአፑ ሊያፈተልክ ሲል ሙሄ ሚኒባሱን አግድሞ አቆመበት። «ዘመድ እኮ ነን፣ ወዴት ነው?» አለው የፒክአፑን ሹፌር። ወዲያው ፖሊሶቹ ደረሱ፤ ሹፌሩንም ሴትዮዋንም ያዟቸው።

ሉባባ መጨረሻ ወጣች። አላቀፈቻቸውም። ዓይኗ በቁጣ ቀልቷል።

«አባዬ፣ ብመለስስ ምን ሥራ አለኝ?»

«አላውቅም ልጄ። ግን አብረን እንፈልገዋለን። ነፍስሽ ካለች ሌላው ይገኛል።»

ያን ጊዜ ትከሻቸው ላይ ወደቀች። እኔም እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ሙሄም አፍንጫውን ጠረገ።

አመሻሽ፣ ኩታበር

ኮምቦልቻ ላይ ፖሊሶቹ የልጆቹን ቃል ተቀብለው ዘመድ እየጠሩ ሸኟቸው። ዘሐራ ብቻ ቀረች፤ ያቺ ከግቢው ውስጥ የጮኸችው ናት። አገሯ ኩታበር፣ እናቷ ስልክ የላትም።

«እናቴ አታስገባኝም» አለችኝ። «ሳልነግራት ነው የወጣሁት። ባታስገባኝ ወዴት እሄዳለሁ? ያው ሌላ ደላላ ነው።»

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት። «በሩ ላይ የምቀድመው እኔ ነኝ።» ማን እንዲህ በይ አለኝ? ማንም።

ለፖሊሶቹ ስሜንና አድራሻዬን ሰጥቼ፣ አያ ይማምንና ሉባባን ደሴ ላይ ለቦሩ ሜዳ መኪና አሳፍረን፣ ሙሄ ወደ ኩታበር ነዳ። መንገዱን ሁሉ ንግግሬን ሳሰናዳ ነበር። እማማ፣ እባክዎን አይቆጧት፣ ልጅ ናት፣ ተታልላ ነው። ስለ ደላሎቹ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ይቅርታ፣ የሌለ ነገር የለም። ከኋላዬ ዘሐራ ቀሚሴን ጨብጣ ትከተላለች።

አንኳኳሁ። እናትየው ከፈቱ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «እማማ...» ስል፣ በአንድ እጃቸው እንደ በር መጋረጃ ወደ ጎን አደረጉኝና ልጃቸውን አቀፏት።

ያ ሁሉ ንግግሬ አፌ ውስጥ ቀረ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ዝም ያልኩበትን ቀን አላስታውስም።