ሎቢው ውስጥ የዘመርንበት ቅዳሜ

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ባለቤቴን ወደ ካናዳ ለማምጣት የጀመርኩት የስፖንሰር ጉዳይ አላለቀም፤ ፖሊስ ስሜን ከመዘገበው እሱ አዲስ አበባ ይቀራል የሚል ፍርሃት አንቆ ይዞኛል። እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ፍርሃት ግን ማስረጃ አይጠይቅም።

ጄን ኤንድ ፊንች የሚባለው ሰፈር ያለው ሕንፃችን ማሞቂያው ከተበላሸ ሰነባብቷል። ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ከነጃኬታቸው ያስተኛሉ። ለአቤቱታ በተሰበሰብን ቁጥር ሥራ አስኪያጁ “የሚጮህ ካለ ፖሊስ እጠራለሁ” ይላል። ግድግዳ ብቻ የሚለየን ጃማይካዊት አሮጊት ታዲያ “እንግዲያው አንጮህም፤ እንዘምራለን” አሉ። በወጣትነታቸው፣ ለጥቁር ቤት አናከራይም ባሉ ሰዎች በር ላይ ቆመው ዘምረዋል።

“እነሱን ለማስፈራራት እንዳይመስልሽ፤ የራሳችን ጉልበት እንዳይንቀጠቀጥ ነው” አሉኝ። የቤተ ክርስቲያን መዝሙሬን በግድግዳው ሲሰሙ ኖረዋል። “ከጎኔ ቁሚ ልጄ።”

እምቢ ለማለት አፈርኩ እንጂ ልቤስ አልፈቀደም።

ቅዳሜ የሕንፃው መግቢያ ሎቢ ሞላ። ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ከጎናቸው ቆምኩ። አሮጊቷ ያነሡት ዜማ እኛም ቤተ ክርስቲያን በአማርኛ የምንዘምረው ነበር፤ ግን ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ። የሕንፃው ጥበቃ በስልኩ ፊታችንን ይቀርጻል። ወዲያው ሁለት ፖሊሶች ገቡ። በዚያው ቅጽበት አሮጊቷን ሳል ያዛቸውና መዝሙሩ ተቆረጠ። ሰው ሁሉ ለመበተን ወደ ሊፍቱ ማየት ጀመረ።

በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር መሪዋ ስትቋረጥ ከጎኗ ያለችው ትቀጥላለች። ማንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ልማድ ነው። እኔም ሳላስበው ከተቆረጠበት ቀጠልኩ፤ ያውም በአማርኛ። ሻርፑ ወረደ፤ ስልኩ ወደ እኔ ዞረ። ከኋላ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ተቀበለኝ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሎቢው በሙሉ። ፖሊሶቹ በሩ አጠገብ ቆመው አዳመጡ እንጂ ማንንም አልነኩም። እኔም ስልኩን ረሳሁት።

ቪዲዮው በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቅቆ አዲስ አበባ ለመድረስ ቀን አልፈጀበትም። እሑድ ባለቤቴ ደወለ። ማሞቂያው ገና አልተሠራም፤ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አነሳሁት።

“ምን ነካሽ? እኔን አላሰብሽም?”

“አላሰብኩህም” አልኩት።

እውነቴን ነው። ካናዳ ከገባሁ ወዲህ እሱ ከሐሳቤ የወጣው ያኔ ስዘምር ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ከፖሊሶቹ የበለጠ አስፈራኝ።