የፍሎሪን አጭር ቦንድ

የካ ሚካኤል አቅራቢያ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ተሾመ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ሰጡኝ። ዘመኑ የደርግ ነበር። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያገኘሁት ሁለት ቢዩሬት የሚባሉ የመስታወት መለኪያ ቱቦዎች፣ ባዶ ጠርሙሶችና አንድ የኬሚስትሪ መረጃ ሰንጠረዥ መጽሐፍ ነው። «ሞዴል የለንም፤ እንደምንም ራስህ ሥራ» አሉኝ።

ሠራሁ። ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥቼ እያድቦለቦልኩ አቶም አደረግሁት። አቶሞቹን ከእንጦጦ በሚወርደው የባሕር ዛፍ ጭራሮ አያያዝኳቸው። ጭራሮው ቦንዱ ነው፤ ሁለት አቶሞች ኤሌክትሮን ሲጋሩ የሚፈጠረው ማሰሪያ ማለት ነው።

ረጅም ጭራሮ ለአንድ ተማሪ እሰጥና «ስበር» እላለሁ፤ በቀላሉ ይሰብረዋል። ጣት የሚያህለውን እሰጠዋለሁ፤ ቢታገል አይሰበርለትም። «አያችሁ፣ ቦንድ ባጠረ ቁጥር ለመበጠስ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል።» ለካርቦን እውነት ነው። በነጠላ ቦንድ የተያያዙ ሁለት ካርቦኖች ይራራቃሉ፣ በድርብ ይቀራረባሉ፣ በሦስትዮሽ ይበልጥ ይጠጋጋሉ፤ ጉልበቱም አብሮ ይጨምራል። ክፍሉ ይስቃል፣ ይገባዋልም። እኔም በጭራሮዬ ኮርቼ ነበር።

በየዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ላይ የፍሎሪን፣ የክሎሪንና የብሮሚንን ቦንድ ከጠንካራው ወደ ደካማው ደርድሩ እላለሁ። የፍሎሪን አጭር ስለሆነ አንደኛ ነው ብዬ መልሱን ከጭንቅላቴ አወጣሁ። በሦስተኛው ዓመት ሰዓዳ የምትባል የታክሲ ሾፌር ልጅ ፍሎሪንን መጨረሻ ጻፈች። ኤክስ አደረግሁባት። ውጤቷ አርባ ዘጠኝ ሆነ፤ ማለፏ ደግሞ በኬሚስትሪ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቀደም ሲል አንድ ክፍል ደግማለች፤ በትምህርት ቤቱ ደንብ ሁለት ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል።

ወረቀቷን ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ የጻፍኩት ልክ ነው።»

«ጭራሮውን አላየሽም እንዴ?»

«አይቻለሁ። ቤተ መጻሕፍት ያለው ሰንጠረዥ ግን እንደሱ አይልም። እርስዎ አይተውታል?»

«ሂጂ፣ አታድርቂኝ» አልኳት።

ከሄደች በኋላ የቁም ሣጥኑን መጽሐፍ ገለጥኩ። የፍሎሪን ቦንድ ከክሎሪን ያጥራል፤ ለመበጠስ የሚጠይቀው ጉልበት ግን ከብሮሚንም ያንሳል። አፈርኩ። መጽሐፉ ሦስት ዓመት እጄ ላይ ነበር።

ጋሽ ተሾመ ምክንያቱን አስረዱኝ። «የፍሎሪን አቶም ትንሽ ነው። ቦንዱ ውስጥ ያልገቡት ኤሌክትሮኖች ከመጠን በላይ ይቀራረቡና ይገፋፋሉ፤ ቦንዱም ይላላል። ጠባብ ቤት የታጨቀ ዘመድ መጣላቱ ይቀራል?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ውጤቱ ግን በዳይሬክተሩ ተፈርሟል። ይቀየር ካልክ ሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ መናገር አለብህ። አሻጥር ነው ቢሉህስ?»

በዚያ ስብሰባ እያንዳንዱ ሠራተኛ በየሳምንቱ ጥፋቱን ይናገራል፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ ማርፈድ ነው። እኔም አርፍጄ ሳላውቅ ብዙ ጊዜ አረፈድኩ ብያለሁ። በዚያ ሳምንት ስብሰባ ግን ተነሥቼ «የተሳሳተ ነገር አስተምሬ፣ ትክክለኛውን የጻፈች ተማሪ ጥያለሁ» አልኩ። በጣም ፈርቼ ነበር።

ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ እስክሪብቶውን አነሣ።

«ከጀርባህ ማን አለ?»

«ማንም የለም ጓድ። መጽሐፉን ሳላይ ነው ያስተማርኩት።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ዓመት።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የዚያ ዓመት የደረጃ ዕድገቴም ቀረ። ውጤቱ ግን እንዲታረም ፈቀዱ። የእኔን መልስ የጻፉት ልጆች ላይ አልቀነስኩም፤ ያስተማርኳቸውን ነው የጻፉት። ሰዓዳ አለፈች። ካርዷን ልትወስድ ስትመጣ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ ቲቸር» አለችኝ።

ዕድገቱ ቆጭቶኛል፤ አልዋሽም። የበለጠ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ከሰዓዳ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ያንኑ ጥያቄ አውጥቻለሁ። ስንቱ ልክ ጽፎ ኤክስ እንዳደረግሁበት፣ ማንስ በዚያ እንደወደቀ አላውቅም። ወረቀቱን መልሼላቸዋለሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

አስተማሪ ለሆናችሁ የምለው ይኸው ነው። የተማሪ ወረቀት ከማረማችሁ በፊት የራሳችሁን መልስ አርሙ።